ጠባቡ ጎማ

ፒካፑ መሪውን አልሰማ አለ። ሁዛይፋ ወደ ግራ ያዞረዋል፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ፍሬን አልረገጠም። በበረዶ ላይ ፍሬን መርገጥ ነገሩን እንደሚያባብስ በዚህ ተራራ ላይ የተመላለሰባቸው ክረምቶች አስተምረውታል። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና ጎማዎቹ መሬት እስኪይዙ ጠበቀ። አልያዙም። ጭቃ በመሰለው፣ ግማሹ ውሃ ግማሹ በረዶ በሆነው ነገር ላይ ተንሳፈፉ።

"አባ!" አለች ሩመይሳ ከጎኑ። ሁለት እጆቿን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላለች።

የመንገዱ ዳር ብረት እየቀረበ መጣ። ከብረቱ ወዲያ የሚታየው የጥድ ጫፍ ብቻ ነው፤ ግንዱ የት እንዳለ አይታይም። የፒካፑ አፍንጫ ብረቱን ገጨ፤ ኋላው ተወርውሮ ዞረና መኪናው ወደ መጣበት አቅጣጫ ተመልሶ ቆመ። ከኋላቸው ይመጣ የነበረ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ በሌላው ረድፍ አለፋቸው። የረጨው በረዶ መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው።

"ደህና ነሽ? ሩሚ፣ ደህና ነሽ ወይ?"

"አይም ፋይን" አለች። እጆቿን ግን ከዳሽቦርዱ ላይ አላነሣችም።

ሁዛይፋ ወርዶ የፊት መብራቱን አየ። ተሰብሯል። ፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቆ መኪናውን አዞረና ዳር አስያዘው። እዚያ ቆመው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ ትንንሽ የከተማ መኪኖች በአጠገባቸው ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዱ ነበር። አንዲት አሮጊት ሴት የምትነዳት ሰማያዊ መኪና ሳትቀር አለፈቻቸው።

ሩመይሳ በዓይኗ ተከተለቻት። "ዳድ፣ ሁሉም ሰው እያለፈ ነው። ምን ሆነህ ነው?"

"ፈጥኜ ይሆናል" አላት።

እንዳልፈጠነ ያውቅ ነበር። ግን ሌላ የሚላት ነገር አጣ።

ሁዛይፋ ከተራራው ባሻገር፣ በያኪማ ሸለቆ፣ ፖም የሚቀመጥባቸውን ቀዝቃዛ መጋዘኖች ማሽን የሚጠግን ባለሙያ ነው። ቤቱ ከተራራው ወዲህ ማውንትሌክ ቴራስ፣ ሥራው ተራራው ማዶ በመሆኑ በየሳምንቱ ስኖኳልሚ የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሩመይሳ ተራራው ማዶ፣ ኤለንስበርግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ደግሞ ለበዓል የሚያመጣት፣ ከበዓል በኋላ የሚመልሳት እሱ ነው። ያን ቀንም ለታንክስጊቪንግ ወደ ቤት እያመጣት ነበር። መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ፒካፑ ፎር ዊል ድራይቭ ነው። ጎማውም አዲስ ነው፤ በረዶው ሊጀምር ሲል የጎማ ሱቅ ያለው ጓደኛው አንሳር ራሱ የገጠመለት።

ከተራራው ሲወርዱ መጀመሪያ ያገኙት ነዳጅ ማደያ ገብቶ ለአንሳር ኮል አደረገ። ስልኩ በመኪናው ድምጽ ማጉያ ነበር፤ ሩመይሳም ትሰማለች።

"አልሐምዱሊላህ! ነፍስ ከተረፈ ብረት ምንም አይደለም" አለ አንሳር። "ስንት እየነዳህ ነበር?"

"ቀስ ብዬ ነበር።"

"ቀስ ያልክ መስሎህ ነው።"

"ወላሂ ቀስ ብዬ ነው። ግን ጎማው አልያዘም አንሳር። ተንሳፈፈ። በፊት እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።"

አንሳር ሳቅ የቀላቀለ ድምጹን አሰማ። "ስማኝ ወንድሜ፣ ጎማው ምርጥ ጎማ ነው። እኔ ነኝ የገጠምኩልህ። ሃምሳን አለፍን እኮ፤ ዓይን ይደክማል፣ እጅ ይዘገያል። አትቀየመኝ፤ ሐኪም ዓይንህን ይየው።"

ሁዛይፋ አልተቀየመም። አንሳር ሲነግረው የሚቀየመው ሰው አይደለም። ሁለቱም የወራቤ ልጆች ናቸው፤ አሜሪካ ሲገቡ ሬኒየር ቢች ውስጥ አንድ ምድር ቤት ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ በፈረቃ ተኝተውበታል። ሩመይሳ ስትወለድ ሁዛይፋ ተራራው ማዶ በበረዶ ታግቶ ስለነበር፣ በሕፃኗ ጆሮ አዛን ያለው አንሳር ነው። አንሳር ሌክ ሲቲ ላይ የጎማ ሱቁን ሲከፍት ማሞቂያውን የዘረጋለት፣ ያገኘውን ሁሉ ሰው "ጎማ ከፈለግህ አንሳር ጋ ሂድ" እያለ የላከለት ደግሞ ሁዛይፋ ነው።

ስለዚህ ቤት ሲገባ ለሚስቱ ለዘሀራ የነገራት አንሳር ያለውን ነው። "ዓይኔ ሳይሆን አይቀርም" አላት።

ዘሀራ የተሰበረውን መብራት አየች፤ ከዚያ ልጇን አቅፋ ቆየች። ማታ ላይ "ይሄን ሥራ ብትተወው ምን አለ?" አለችው። "እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚበላሽ ፍሪጅ ጠፍቶ ነው?"

በዓሉ አልፎ ሩመይሳ የምትመለስበት ቀን ሲደርስ ሁዛይፋ ጃኬቱን ለብሶ ወረደ። ሩመይሳ ሻንጣዋን ይዛ ሳሎን ቆማ ነበር።

"ባስ ቡክ አድርጌያለሁ" አለችው፣ ጫማዋን እያየች። "ዶንት ቢ ማድ።"

"ለምን እናደዳለሁ? ጥሩ አደረግሽ" አላት።

ባስ ማቆሚያው ድረስ ብቻ አደረሳት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ተራራውን ለብቻው ወጣ። ኩርባ ላይ ሰው ሁሉ እስኪያልፈው ይዘገያል። ትንሽ ነጭ ነገር መንገዱ ላይ ባየ ቁጥር የልጁ ጩኸት ጆሮው ላይ ይመጣል። ሙሉ ዕድሜውን የሚተማመንበት እጁ የሌላ ሰው እጅ ሆነበት።

የአንሳር ሚስት ነጂባ የደወለችው በእነዚሁ ቀናት ነው።

"ሁዜ፣ ሂተሩ ቆመብን። ይነሣል፣ ወዲያው ይጠፋል። አንሳር ሱቅ ሰው በዝቶበታል። ልጆቹ ኮት ለብሰው ነው የተቀመጡት።"

"መጣሁ" አላት። የነጂባ ቤት ሬኒየር ቢች ነው፣ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው። በዚያ ትራፊክ ሄደ። ለአንሳር ቤት ሲጠሩት "ነገ" ብሎ አያውቅም።

ማሞቂያው የቆመው ጋራዡ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። የአንሳር ፒካፕ ደግሞ ጋራዡን ሞልቶታል፤ አንሳር ራሱ ወደ ሱቅ የሚመላለሰው በትንሿ መኪና ነው።

"መኪናውን ላንሣልህ?" አለች ነጂባ፣ ጋቢ ቢጤ ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ።

"አይ፣ ይበቃኛል።"

በጎኑ ሾልኮ ገብቶ የማሞቂያውን ክዳን ፈታ። ችግሩን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደበትም፤ እሳት መኖሩን ለማሽኑ የሚነግረው ቀጭን ብረት ጠቁሯል። ብረቱ ሲጠቁር ማሽኑ እሳት የሌለ መስሎት ጋዙን ይዘጋል። ሁዛይፋ ብረቱን ነቅሎ፣ ደህና ብርሃን ፍለጋ የእጅ ባትሪውን ከጎኑ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ቁጢጥ ብሎ መፈግፈግ ጀመረ።

ባትሪው የሚያበራው የፒካፑ የኋላ ጎማ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያየው አዲስነቱን ነው፤ ጥርሶቹ መሀል ያሉት ትንንሽ የላስቲክ ፀጉሮች ገና አላለቁም። ቀጥሎ ያየው ቅጥነቱን ነው። ለእንዲህ ያለ ትልቅ መኪና የቀጠነ፣ ረዘም ያለ ጎማ። እጁን ዘርግቶ ከጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አቧራ ጠረገ። የጎማው ስፋት ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።

ከአንሳር ጋር ሱቁ ውስጥ የተባባሉት ቃል በቃል መጣለት። ሁዛይፋ ያን ቀን ይህንኑ ቁጥር ነበር የጠየቀው። በያኪማ አብሮት የሚሠራ፣ ዕድሜውን በበረዶ ውስጥ የነዳ ሰው ነግሮት ነው፤ ለአስፋልት በረዶ ጠባብ ጎማ ግዛ፣ የመኪናው ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በረዶውን ቆርጦ መሬት ይይዛል፣ ሰፊው ግን ይንሳፈፋል ብሎ። አንሳር እሺ ብሎ አዘዘለት። ሁዛይፋ ሊያስገጥም ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

"ጠባቡ አልመጣም፤ አከፋፋዩ ጋ አልቋል። ቢመጣም አልመክርህም" ነበር ያለው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ የሱቁን ባንኮኒ በኃይል ተጫነ። "እየው፤ በአንድ ጣት ብይዝ ይሻላል ወይስ በሙሉ እጄ? ሰፊ ጎማ ማለት ሙሉ እጅ ነው። ሁለት ሰማንያ አምስት እገጥምልሃለሁ፤ መኪናህም ያምርበታል።"

ሁዛይፋ የዚያን የያኪማ ሰው ነገር ደግሞ አንሥቶ ነበር። አንሳር ሳቀ። "እሱ ፍሪጅ ይጠግን። ጎማ የኔ ሥራ ነው።" ሁዛይፋንም ይሄ አሳመነው። እውነት ነው፣ ጎማ የአንሳር ሥራ ነው።

"ሻይ ላምጣልህ ወይስ ስትጨርስ ከራት ጋር?" አለች ነጂባ ከበሩ።

"ነጂባ፣ ይሄን ጎማ መቼ ነው የገጠማችሁት?"

"እሱን? ከታንክስጊቪንግ በፊት ነው። እኔ ስፖኬን እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ ልትወልድ ነው አላልኩህም? ተራራውን ልጆች ይዤ በአሮጌው ጎማ እንዳልወጣ ብሎ ነው።" ፈገግ አለች። "እኔ ደግሞ ያንተ መስሎኝ ነበር እኮ። ሱቅ ሆኜ 'የሁዛይፋ ጎማ መጣ' ሲል ሰምቼው፣ ማታ ቤት ሲገጥመው ሳይ 'የሰው ዕቃ ነው' አልኩት። 'አይ፣ ሁዛይፋ ሰፊ ይሻለኛል ብሎ ቀይሯል' አለኝ።"

ሁዛይፋ ብረቱን መፈግፈግ አቁሞ ነበር።

"ምነው?" አለች ነጂባ።

"ምንም። ግቢ፣ ብርድ ነው። አሁን ይሞቃል።"

ገባች። ሁዛይፋ ዕቃዎቹን ሰብስቦ፣ ማሞቂያውን ክፍቱን ትቶ መሄድ አሰበ። ከግድግዳው ወዲያ የልጆቹ ድምጽ ይሰማል፤ ትንሿ "ነከሰኝ ብርዱ" እያለች ታለቅሳለች። ብረቱን አጽድቶ ጨረሰ፣ መልሶ አሰረው፣ ክዳኑን ገጠመ፤ ማሽኑን አስነሣ። እሳቱ ተያያዘ። አልጠፋም። ነፋሱ በቧንቧው ውስጥ መንፈስ ሲጀምር ከውስጥ ልጆቹ በደስታ ጮኹ።

አንሳር የመጣው ሁዛይፋ መፍቻዎቹን እየሰበሰበ ሳለ ነው። ትንሿን መኪና ደጅ ፓርክ አድርጎ፣ በጋራዡ በር በኩል እጆቹን እያሻሸ ገባ።

"ሁዜ! አላህ ይስጥህ። አንተ ባትኖር እኮ…"

አንሳር ሁዛይፋ የቆመበትን ቦታ ሲያይ ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ። ባትሪው አሁንም ጎማው ላይ ያበራል።

"ይሄ ስንት ነው?" አለ ሁዛይፋ።

"ምኑ?"

"ጎማው።"

"ሁለት ሠላሳ አምስት… መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

አንሳር ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ዘጋ። ድምጹን ዝቅ አደረገ። "ስማኝ። የአንድ መኪና ብቻ ነው የመጣው። ሌላ የሚመጣው ጃንዋሪ ነው አሉኝ። በረዶው ደግሞ ደርሷል። ነጂባ በዚህ ሳምንት ልጆች ይዛ ልትሄድ ነው። ምን ላድርግ?"

"ትነግረኛለህ።"

"ብነግርህ ቅር ይልሃል ብዬ ነው።"

"ብትነግረኝ 'ለነጂባ ግጠም፣ እኔ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ' ነበር የምልህ። እንደዚያ እንደምልህ ታውቃለህ።"

አንሳር ፊቱን ከጎማው አዞረ።

"ሌላ ቦታ እንዳልሄድብህም ፈለግህ" አለ ሁዛይፋ። "ጎማውን ወሰድክ፣ ደንበኛውንም አስቀረህ።"

"ሰፊው እኮ መጥፎ ጎማ አይደለም። ጥልቅ በረዶ ላይ፣ ንፋሱን ቀነስ አድርገህ፣ ከመንገድ ውጭ…"

"አንሳር።"

"ኦኬ። ኦኬ።"

"እኔ የምሄድበትን መንገድ አታውቀውም? ስንቴ አብረኸኝ ሄደሃል?"

አንሳር ግድግዳውን ተደገፈ። የሱቁ ስም የተጻፈበት ኮፍያውን አውልቆ ፀጉሩን ዳበሰ፤ መልሶ አደረገው።

ሁዛይፋ እንደሚጮህ ነበር የመሰለው። ግን በሹክሹክታ ነበር የተናገረው። "ጎማውን እሺ። ለልጆቹ ብለህ ነው፣ ይሁን። ከመንገድ ስደውልልህስ? ልጄ ከጎኔ ሆና እየሰማችህ 'ዓይንህ ነው' አልከኝ። ዓይኔ እንዳልሆነ እያወቅህ። እኔም አመንኩህ። ዓይኔን ሐኪም ቤት ታየሁ፤ ምንም አልሆነም አሉኝ፣ እነሱን ሳይሆን አንተን አመንኩ። ዘሀራ ሥራውን ተው እያለች ትለምነኛለች። ልጄ ከኔ ጋር መኪና ውስጥ መግባት ፈርታ በባስ ሄደች። ይሄን ሁሉ ነግሬሃለሁ። እዚያው ሱቅህ ተቀምጬ፣ አልቅሼ ነው የነገርኩህ። አንተ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ 'ሁላችንም እናረጃለን' አልከኝ።"

"ፈርቼ ነው" አለ አንሳር።

"ምኑን?"

"ይሄን። አሁን ያለንበትን።"

ማሞቂያው ይጮሃል።

"ነገ ጠዋት ሱቅ ና" አለ አንሳር፣ ቀና ብሎ። "ወላሂ፣ ይሄን ነቅዬ ላንተ እገጥመዋለሁ። ያንተን ደግሞ እዚህ አደርገዋለሁ። ነገ።"

"ነጂባስ? መቼ ነው የምትሄደው?"

"ሐሙስ።"

"በኔ ጎማ ትሂድ? ልጆቹን ይዛ?"

አንሳር ወደ ቤቱ በር ተመለከተ።

"አልፈልገውም" አለ ሁዛይፋ። "ለነሱ ይሁን።"

የመሣሪያ ሳጥኑን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ አንሳር ክንዱን ያዘው። "ሁዜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። መስጂድ ላይ… ሰው ዘንድ… ሱቄ የቆመው በስሜ ነው። እባክህ በኛ መሀል ይቅር።"

ሁዛይፋ ክንዱን የያዘውን እጅ አየ። እሺም እምቢም አላለም። አንሳር እጁን እስኪያነሣ ጠበቀና ወጣ።

ነጂባ በዋናው በር ብቅ አለች። "ወዴት? ራት እኮ ቀርቧል!"

"ሌላ ጊዜ፣ ነጂባ።"

"እንዴት ሌላ ጊዜ? እስከዛሬ እዚህ መጥተህ ሳትበላ ሄደህ ታውቃለህ?"

"በመንገድሽ ቀስ እያልሽ" አላት። "ዘሀራ ሰላም ብላሻለች።" መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ከግቢው ሲወጣ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዘ። ሰፊው ጎማ ፓራፋንጎውን ከውስጥ ሲፍቀው ተሰማው። ይሄ ድምጽ ከገጠመለት ቀን ጀምሮ አለ፤ ያኔ አንሳር "ይለምዳል" ብሎት ነበር። ድምጹን ላለመስማት ሬዲዮ ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው።

ሬኒየር ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞት ሳለ ስልኩ ጠራ። ሩመይሳ ናት።

"ሃይ ዳድ! አንክል አንሳር አሁን ቴክስት አደረገልኝ።"

"ምን አለሽ?"

"አዲስ የስኖው ጎማ በነጻ ሊገጥምልህ እንደሆነ። የሚገርም ነው! 'አባትሽ ኩሩ ስለሆነ እምቢ ይላል፤ አንቺ አሳምኚው፣ ለሱ አስቤ ነው፣ ዕድሜው እየገፋ ነው' አለኝ።" ሳቀች። "ሶ ስዊት። ፕሊስ አባ፣ እሺ በለው። ለኔ ስትል።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሁዛይፋ ነዳጁን ነካ አድርጎ ተሻገረ።

"አባ? አለህ?"

"አለሁ።"

"እሺ በል እንጂ።"

"እሺ፣ አስብበታለሁ" ማለት ይችላል። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። እንደዚያ ቢል ሩመይሳ ደስ ብሏት ትዘጋለች፤ አንክል አንሳሯ አንክል አንሳር ሆኖላት ይቀራል። አባቷም ዓይኑ የደከመ፣ እጁ የዘገየ፣ እሷን ገደል ሊከት የነበረ ሰው ሆኖ ይቀራል። ልጅ የሚወደውን ሰው ከልጅ ልብ ማውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። መንገዱን እያየ ጥቂት ነዳ።

ከዚያ ፍሬቻ አሳየና ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ።

"ሩሚ፣ ክላስ አለሽ?"

"ኖ፣ ዶርም ነኝ። ዋይ?"

"እንግዲያው ቁጭ በይ" አላት። "ተራራው ላይ ያን ቀን የሆነውን ልነግርሽ ነው።"